ለባንክ ኢንተርቪው ተጠርታችኋል? እንዲህ ተዘጋጁ

የጽሑፍ ፈተናውን አለፋችሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከማታውቁት ቁጥር ተደወለና «ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ» ተባላችሁ። ደስ ይላል፣ ሆድም ይረብሻል። ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። በተለይ ዘንድሮ ወይም አምና ተመርቃችሁ፣ ባንክ ውስጥ በጀማሪነት ለመቀጠር ለምትሞክሩ።

እኔ የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። አዲስ ተመራቂዎችን በሚጠይቀው ኮሚቴ ውስጥም ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል። ብዙ ልጆች ያላቸውን ነገር ሳያወጡት ይዘውት ይመለሳሉ።

አንዲት ልጅ አትረሳኝም። አካውንቲንግ ነው የተመረቀችው። «የሥራ ልምድ አለሽ?» ስንላት አንገቷን ደፍታ «የለኝም» አለች። ሌሎቹንም ጥያቄዎች እንዲሁ በአጭር በአጭሩ መለሰች። ልትነሳ ስትል አንዱ የኮሚቴ አባል «ክረምት ክረምት ምን ትሠሪ ነበር?» አላት። «የእናቴን ሱቅ እጠብቅ ነበር» አለች። «ዱቤ ትሰጣላችሁ?» ሲላት ፊቷ በራ። ድሮ እናቷ ዱቤውን በብጣሽ ወረቀት ነበር የምትይዘው። ልጅቷ ደብተር ገዛች። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ ሰጠች። በግራ የወሰዱትን፣ በቀኝ የከፈሉትን ጻፈች። ሰፈሩ ውስጥ ሁለት አልማዝ ስላሉ አንዷን «አልማዝ የላይኛዋ»፣ ሌላዋን «አልማዝ የታችኛዋ» ብላ ለየቻቸው። ወር ሲሞላ እያንዳንዱ ባለ ዱቤ ደብተሩን አይቶ ይፈርማል። ጭቅጭቁ ቀረ። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ራሱ ሌላ ሰው ሆነ።

እንግዲህ ባንክ የሚሠራው ሌላ ምንድነው? ይህን ሁሉ ልምድ ይዛ «የለኝም» ብላን ልትወጣ ነበር። ያ ሰው ባይጠይቃት ኖሮ አናውቅም ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እንደሷ እንዳትሆኑ ነው።

1. ስልኩን ሳትዘጉ አጣሩ

በመጀመሪያ ሰዓቱን። «3 ሰዓት» ቢሏችሁ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ነው ወይስ በፈረንጆቹ ከሰዓት 3፣ ማለትም በእኛ 9 ሰዓት? በስልክ በአማርኛ ሲሆን ብዙም ችግር የለውም። በእንግሊዝኛ በተላከ መልእክት ወይም ኢሜይል ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ጠዋት በእኛ 3 ሰዓት ማለት ነው አይደል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አይቆጣም። ቀኑንም ከነስሙ አረጋግጡ፤ «ሐሙስ፣ ጥቅምት 20» ተብሎ ሁለቱ ካልገጠሙ አንዱ ስህተት ነው።

ቀጥሎ ቦታውን። ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነ ስንተኛ ፎቅ? ሰንጋ ተራ አካባቢ የባንክ ሕንፃ ጎን ለጎን ነው የተደረደረው፤ በችኮላ የሌላ ባንክ በር ላይ የሚቆም አይጠፋም። ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግና ጥያቄው በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ እንደሆነም ጠይቁ። የደዋዩንም ስም ያዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ለኢንተርቪው መመዝገቢያ ይህን ያህል ብር ላኩ» ካሏችሁ ዝጉት። በቴሌግራም በኩል የሚመጡ ሐሰተኛ የሥራ ማስታወቂያዎች የሚያጠምዱት ሥራ ፍለጋ የጨነቀውን ሰው ነው። ትክክለኛ ቀጣሪ ሊቀጥራችሁ ብር አይጠይቅም።

2. ወረቀታችሁን ዛሬውኑ ሰብስቡ

ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም። ዲግሪ ወይም ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ያመለከታችሁበት ሲቪ በሦስት ኮፒ። ሁሉም በአንድ ክላሰር ይግባ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ዶክመንቱን እያገላበጠ የሚደናገጥ ልጅ ገና ሳይጠየቅ ነው ላብ የሚያጠምቀው።

ሲቪያችሁ ላይ የዓመተ ምሕረቱን ነገር እዩት። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሲቪ ላይ «2016 ተመረቅኩ» ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር ከጻፋችሁ፣ አንባቢው ከተመረቃችሁ ብዙ ዓመት እንደሆናችሁ ሊረዳ ይችላል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2024 ነው። አንዱን መርጣችሁ ከላይ እስከ ታች በእሱ ጻፉ። የጻፋችሁትን እያንዳንዱን መስመርም ልታስረዱት ይገባል። «ኤክሴል በጣም ጎበዝ ነኝ» ካላችሁ ስለ ኤክሴል ትጠየቃላችሁ።

3. ባንኩን በዓይናችሁ እዩት

ስለ ባንኩ ዌብሳይቱን አንብቦ የሚመጣ ብዙ ነው። መቼ ተመሠረተ፣ ስንት ቅርንጫፍ አለው፣ አምና ምን ያህል አተረፈ። ይህን አንብቡ፣ ግን በዚህ ብቻ አታቁሙ። አቅራቢያችሁ ያለ ቅርንጫፍ ሂዱ። ካልከበዳችሁ ትንሽ ብር ይዛችሁ ደብተር አውጡ። ወረፋ ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ እዩ። ሰው ምን ለማድረግ ነው የሚመጣው? የት ጋ ይሰለቻል? ፎርም መሙላት የከበዳቸውን እናት ማን ይረዳቸዋል? ባንኩ የሞባይል መተግበሪያ ካለው አውርዱና ሞክሩት።

«ለምን የእኛን ባንክ መረጥክ?» ሲባል ዘጠኙ «ባንኩ ትልቅና ስመ ጥር ስለሆነ» ይላል። አሥረኛው ግን «ሰፈሬ ያለው ቅርንጫፋችሁ ሄጄ ነበር፤ ብዙው ሰው ወረፋ የሚይዘው በስልኩ ሊያደርገው ለሚችለው ብር ማስተላለፍ ነው፤ ደንበኛን ማስተማር ላይ ብሠራ ደስ ይለኛል» ቢልስ? ሁላችንም ከወረቀታችን ቀና እንላለን።

ስለ ዘርፉም ወሬ ይጠየቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን፣ በ2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው የባንክ ሥራ አዋጅ መጽደቁን፣ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ካፒታላቸውን ቢያንስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ቀነ ገደብ ማስቀመጡን፣ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የገንዘብ ዝውውሩን ምን ያህል እንደለወጠው እወቁ። ቀኑን መሸምደድ ዋናው ጉዳይ አይደለም። «ይህ ነገር መስኮት ላይ ደንበኛ ለሚያስተናግድ ሠራተኛ ምን ለውጥ ያመጣል?» ብላችሁ ለራሳችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር መልስ ያዙ።

4. ታሪኮቻችሁን ቆፍራችሁ አውጡ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ከላይ ያሉትን ሁሉ በአንድ ቀን ትጨርሳላችሁ። ለዚህኛው ሦስት ቀን ስጡት።

ስለ ራሳችን ማውራት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። «እኔ እኔ አትበል» ይባላል። ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ እኔም ልጆቼን እንዲሁ ነው የማሳድገው። ግን ኢንተርቪው ላይ ኮሚቴው ስለ እናንተ ሌላ ምንጭ የለውም። ጎረቤት መጥቶ አይመሰክርላችሁም። የሠራችሁትን በልኩ መናገር ጉራ አይደለም። ጉራ የሚሆነው ያልሠራችሁትን ስትጨምሩበት ነው።

ደብተር አውጡና የኖራችሁትን ጻፉ። የቡድን ሥራ ላይ ሰነፉን ልጅ ያሠራችሁበትን። የዕድር ገንዘብ ስትሰበስቡ የጎደለውን ያገኛችሁበትን። ዶርም ውስጥ የተጣሉትን ያስታረቃችሁበትን። የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የጀመዓ፣ የክበብ ኃላፊነት። አፓረንትሺፕ ላይ የሠራችሁት ስህተትና ያረማችሁበት መንገድ። አምስት ታሪክ ይበቃል። እያንዳንዱን በሦስት ነገር አስተካክሉት፦ ምን ገጠመኝ፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ በመጨረሻ ምን ሆነ።

ያቺ የዱቤ ደብተር ያላት ልጅ ተዘጋጅታ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ትለን ነበር፦ «በቅጥር የሠራሁት የለም። ግን ሦስት ክረምት የእናቴን ሱቅ ሠርቻለሁ። የዱቤ ሂሳብ እየተምታታ ከደንበኛ ጋር ያጣላን ነበር። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ገጽ ከፍቼ፣ የወሰዱትንና የከፈሉትን ለይቼ፣ በየወሩ እንዲፈርሙ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ በሂሳብ የተጣላን ደንበኛ የለም።» ሲነበብ ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም። ውስጡ ግን ሂሳብ አያያዝ አለ፣ ደንበኛ አያያዝ አለ፣ ጥንቃቄ አለ።

«እኔ ምን አደረግኩ» የሚለው ላይ አደራ። «ሠራን፣ አዘጋጀን፣ ጨረስን» እያላችሁ በ«እኛ» ውስጥ አትደበቁ። ጓደኞቻችሁን አመስግኑ፣ ከዚያ የእናንተን ድርሻ ለዩ። «ቡድናችን አምስት ነበርን፤ እኔ መረጃውን ሰብስቤ ሠንጠረዡን ሠራሁ» በቂ ነው።

አሁን ደብተሩን ዝጉና በአፋችሁ ተናገሩት። ድምፅ አውጥታችሁ። ጭንቅላት ውስጥ ያማረ መልስ አፍ ላይ ሲደርስ ይኮላተፋል። ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱ፣ መልሱ፣ አዳምጡ። የመጀመሪያው ቀን ድምፃችሁን ትጠሉታላችሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ «እእእ» የምትሉት ይቀንሳል። ታናሽ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ፊት ለፊት አስቀምጡና ይጠይቋችሁ። ሲስቁ ታገሷቸው፤ እነሱ ፊት ያልተደናገጠ ኮሚቴ ፊት ይቀለዋል።

ግን ቃል በቃል አትሸምድዱ። የተሸመደደ መልስ ይታወቃል። ዓይን ጣሪያ ላይ ይወጣል። አንድ ቃል ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

እንግሊዝኛ የሚያስፈራችሁ ከሆነ በቀላል ቃላት አውሩ። አጭር ዓረፍተ ነገር ስህተት አይበዛበትም። ሐሳቡ ኖሯችሁ ቃሉ ከጠፋባችሁ «ይቅርታ፣ ይህን በአማርኛ ባስረዳ ይፈቀድልኛል?» በሉ። ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ዝም ከማለት በእጅጉ ይሻላል።

5. የማይቀሩትን ጥያቄዎች ተለማመዱ

«ራስህን አስተዋውቅ» ሲባል ከትውልድ መንደር ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚተርክ አለ። ስም፣ ምን እንደተማራችሁ፣ ከላይ ካዘጋጃችኋቸው ታሪኮች አንዱን በአንድ መስመር፣ ለምን ይህን ሥራ እንደፈለጋችሁ። ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ።

«ድክመትሽ ምንድነው?» ሲባል «ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚለውን ተዉት፤ በቀን አሥር ጊዜ እንሰማዋለን። እውነተኛ፣ ግን የሚታረም ነገር ንገሩን፣ ምን እያደረጋችሁበት እንደሆነም ጨምሩ። «ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ለዚህ ብዬ የክፍል ሪፖርት ማቅረብ ሲኖር እኔ ላቅርብ እል ነበር» ያለ ልጅ ነበር። አመንነው።

ባንክ ላይ ደግሞ ባህርይ የሚፈትሹ ጥያቄዎች አሉ። «ማታ ሂሳብ ስትዘጋ 500 ብር ቢጎድልህ?» የሚል ይመጣል። ከኪሴ እሞላለሁ ብሎ መዝለል ጥሩ አይመስልም፣ ጉድለቱን መሸፈን ነውና። መጀመሪያ የቀኑን ቫውቸሮች (የገቢና የወጪ ወረቀቶች) አንድ በአንድ አመሳክራለሁ፣ ብሩን ደግሜ እቆጥራለሁ፣ ካልተገኘ በዚያው ምሽት ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ። «የአክስትሽ ልጅ መጥቶ የእገሌ ሂሳብ ውስጥ ስንት ብር አለ ቢልሽስ?» ሲባል ዘመድም ቢሆን የደንበኛ ምስጢር አይነገርም። እምቢ የምትሉበትን አነጋገር ግን አስቡበት፤ ሳታስቀይሙ እምቢ ማለት የዚህ ሥራ ግማሽ ነው።

ሴቶች «ልታገቢ ነው?»፣ «ልጅ አለሽ?» ልትባሉ ትችላላችሁ። ይህ ጥያቄ መጠየቅ የለበትም፤ እኔ ባለሁበት ሲጠየቅም እቃወማለሁ። ከተጠየቃችሁ ግን ዝርዝር ውስጥ የመግባት ግዴታ የለባችሁም። «የግል ሕይወቴ ሥራዬን አያስተጓጉልም፤ በተባለው ሰዓት እገኛለሁ» ብላችሁ በረጋ ድምፅ እለፉት።

6. የደሞዙን ሂሳብ ቤት ሠርታችሁ ሂዱ

ማስታወቂያው «በባንኩ ስኬል መሠረት» ካለ ለጀማሪ ብዙ መደራደሪያ የለም። ቢሆንም «ስንት ትፈልጋለህ?» ከተባላችሁ የምትጠሩትን ቁጥር እወቁት። ብዙ ልጅ የሚጠራው በእጅ የሚደርሰውን እያሰበ ነው፣ ባንኩ የሚሰማው ደግሞ ያልተጣራውን።

15,000 ብር ደሞዝ እንውሰድ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የገቢ ግብር ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ 300 ብር። ቀጣዩ 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ 600። ቀጣዩ 3,000 ላይ 25 በመቶ፣ 750። ቀጣዩ 4,000 ላይ 30 በመቶ፣ 1,200። የቀረው 1,000 ላይ 35 በመቶ፣ 350። ግብሩ 3,200 ብር ሆነ። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 1,050 ብር ጨምሩ። እጃችሁ ላይ የሚደርሰው 10,750 ብር ነው። አሠሪው ለጡረታችሁ ከራሱ 11 በመቶ ያዋጣል። የትራንስፖርት አበል፣ ሕክምና፣ ቦነስና የሠራተኛ ብድር መኖር አለመኖሩንም ጠይቁ፤ ባንክ ላይ የእነዚህ ጥቅም ቀላል አይደለም።

የሙከራ ጊዜም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት።

7. ዋዜማውና ጠዋቱ

አዲስ ሱፍ ለመግዛት አትበደሩ። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ንጹሕ ሱሪ ወይም ጉርድ፣ ሊስትሮ የነካው ጫማ ይበቃል። የወንድም ኮት ልካችሁ ከሆነ ውሰዱት። መብራት ይጠፋ ይሆናልና ከዋዜማው ማታ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ተኩሱ። ክረምት ከሆነ ጭቃውን በሌላ ጫማ ሂዱና በር ላይ ቀይሩ። ሽቶ ትንሽ።

ከተቻለ ከአንድ ቀን በፊት በዚያው ሰዓት መንገዱን ሞክሩት። ከጀሞ ወይም ከለገጣፎ ጠዋት ታክሲ ጠብቆ ሰንጋ ተራ መድረስ ስንት እንደሚፈጅ ቤት ተቀምጦ አይገመትም። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ይዞ ያስቀራል፤ ለኮሚቴው የምታሳዩት ሌላ መታወቂያ ይኑራችሁ። ቁርስ ብሉ። ፍርፍርም ቢሆን፣ ዳቦ በሻይም ቢሆን፣ በባዶ ሆድ አትግቡ፤ ተራችሁ እስኪደርስ ሰዓታት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ስልካችሁን አጥፉት።

8. ክፍሉ ውስጥ

አንኳኩታችሁ ግቡ። «ጤና ይስጥልኝ» ብላችሁ ጎንበስ በሉ፣ «ተቀመጡ» እስክትባሉ ጠብቁ። ወጣት የሚመስል ጠያቂም ቢሆን «እርስዎ» ነው። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሰው ነን፣ ሁላችንም ፊት ነጥብ መስጫ ወረቀት አለ። ስንጽፍ አትደንግጡ፣ ጥሩ መልስም ይጻፋል።

ትልቅ ሰው ፊት መሬት ማየት አክብሮት ነው ተብለን አድገናል። እዚህ ግን የጠየቃችሁን ሰው እዩት። ዓይን ማየት ከከበዳችሁ ግንባሩን እዩ፤ ልዩነቱ አይታወቅም። ድምፃችሁ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ጋ ይድረስ። ጥያቄው ካልገባችሁ «ይቅርታ ይድገሙልኝ» በሉ። የማታውቁት ከሆነ «ይህን አላውቀውም፤ ግን ከዚህ ጋር የሚቀራረበውን…» ብላችሁ የምታውቁትን ንገሩን።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲባል «የለኝም» አትበሉ። «ለጀማሪ ሠራተኛ ሥልጠናው ስንት ጊዜ ይወስዳል?» ወይም «የመጀመሪያዎቹ ወራት የትኛው ክፍል ነው የምመደበው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። አመስግናችሁ ውጡ።

9. ከወጣችሁ በኋላ

ያን ማታ ሳትተኙ የተጠየቃችሁትን ሁሉ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፣ የተደናቀፋችሁበትንም። የሚቀጥለው ባንክ ከእነዚህ ግማሹን መልሶ ይጠይቃችኋል።

መልስ መቼ እንደሚመጣ ነግረዋችሁ ከሆነ ቀኑ ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ ደውሉ፣ ያን ጊዜ ስሙን የያዛችሁትን ሰው። በየቀኑ ግን አትደውሉ።

እየጠበቃችሁ ዋስ ፈልጉ። ገንዘብ የሚነካ ሥራ ላይ ቋሚ ሥራ ያለው ዋስ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ካለፋችሁ በኋላ መፈለግ ስትጀምሩ ቀኑ ያጥራል። አጎትም ይሁን የአባታችሁ ጓደኛ፣ ቤታቸው ሄዳችሁ በአክብሮት አስረዷቸው። ከመሥሪያ ቤታቸው የደሞዝ ማስረጃ ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅባቸውም ጠይቋቸው።